ምዕራፍ 9፦ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን፣ ከዚያ ሶፍትዌሩን

በመስከረም ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ሲያከብር ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ዶዮገና ቤቱ ሁሉ በእንግዳ ይሞላል። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደርሰው ተማሪ፣ ከሀዋሳ የሚመጣው ሠራተኛ፣ አልፎ አልፎም ደቡብ አፍሪካ ዓመታት ቆይቶ የሚመለሰው ወንድም በአንድ ሳሎን ይገናኛሉ። አታካናው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ የሠርጉና የምርቃቱ ፎቶ ይጠየቃል። ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ወጣቱ በጣቱ እየገፋ ያልፈዋል፤ አያትየዋ ግን መነጽራቸውን እስኪያስተካክሉ ስክሪኑ ይጠፋባቸዋል። ሁሉም እኩል የሚያየው ፎቶው ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ነው። ይህን ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ብሎ ነው። የዚህ ምዕራፍ መልስ አጭር ነው፦ ሶፍትዌር የሚመረጠው ከመጨረሻው ተነሥቶ ነው። መጀመሪያ ፎቶው የሚታይበትን ቴሌቪዥን፣ ቀጥሎ የሚያየውን ሰው፣ ከዚያ በኋላ ሥራው የሚሠራበትን ኮምፒውተር ወይም ስልክ ይመልከቱ። እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ ስሙ ከሚጠራው ሶፍትዌር አብዛኛው በራሱ ጊዜ ከምርጫው ይወጣል።

ከቴሌቪዥኑ እንጀምር። አብዛኛው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ጎኑ ወይም ጀርባው ላይ የፍላሽ መሰኪያ አለው። ቴሌቪዥኑ አሮጌ ቢሆን እንኳ ከሥሩ የተቀመጠው የዲሽ ሪሲቨር አብዛኛውን ጊዜ ፍላሽ ይቀበላል። እነዚህ መሣሪያዎች የማያውቁት ዓይነት ፋይል ሲገጥማቸው ምንም መላ የላቸውም፤ ኮምፒውተር ላይ ተጨማሪ ፕሮግራም እንደሚጫን እነሱ ላይ እንደልብ አይጫንም። ስለዚህ ሁሉም የሚስማሙበትን ፋይል መስጠት ግድ ነው፤ እሱም በኤች.264 የተጨመቀ ኤምፒ4 ቪዲዮ ነው። ኤች.264 እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀ ደረጃ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ በየመሣሪያው ገብቷል። በ2013 የመጣው ተተኪው ኤች.265 ለተመሳሳይ ጥራት ያነሰ ቦታ ይወስዳል፤ ሆኖም ቀደም ብሎ የተሠራ ቴሌቪዥን ድምፁን ብቻ አሰምቶ ምስሉን ሊያጠቁረው ይችላል። የምስሉ መጠን 1920 በ1080 ፒክስል፣ ማለትም ሙሉ ኤችዲ ቢሆን ይበቃል። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ቢመደብለት አንድ ደቂቃ 60 ሜጋባይት፣ 12 ደቂቃ ደግሞ 720 ሜጋባይት ይሆናል። ብዙ ፍላሾች የሚሰናዱበት ፋት32 የተባለው አሠራር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ይህኛው ግን ከወሰኑ ብዙ ርቆ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ወንፊት ይኸው ነው፦ እንዲህ ያለ ኤምፒ4 የማያወጣ፣ ሥራውን ኮምፒውተር ላይ ብቻ በሚከፈት ፋይል ወይም በራሱ ድረ ገጽ ላይ ብቻ የሚያስቀር ሶፍትዌር ምንም ያህል ቢያምር ለሳሎን አይሆንም።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፦ ቴሌቪዥኑ ራሱ ፎቶ ይከፍት የለም ወይ? ጄፔጎቹን ፍላሽ ላይ ገልብጦ መሰካት እያለ ሶፍትዌር ለምን? ለአንድ ምሽት፣ ከአንድ ስልክ ለወጡ ጥቂት ፎቶዎች ይህ ትክክል ነው፤ ድካሙን ይተዉት። ፎቶው ከሦስት ሰው ስልክና ከአንድ ካሜራ ሲሰበሰብ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብዙ ቴሌቪዥኖች የሚደረድሩት በፋይል ስም ነው፤ እያንዳንዱ ስልክ ደግሞ ስም የሚያወጣው በራሱ መንገድ ነው። ሙሽሪት ከቤት ሳትወጣ ኬኩ ይቆረጣል፣ ሽማግሌዎቹ ከመረቁ በኋላ ሚዜዎቹ መልበስ ይጀምራሉ። ስልክ አቁመው ያነሡት ፎቶም በአንዳንድ ቴሌቪዥን ላይ ተጋድሞ ይወጣል፤ ምክንያቱም ስልኩ ፎቶውን ራሱን ሳያዞር «ስታሳይ አዙረው» የሚል ማስታወሻ ብቻ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል፣ ያ ቴሌቪዥን ደግሞ ማስታወሻውን አያነብም። ጽሑፍ የለም፤ ዜማውም ከፎቶው ጋር አይሄድም። ሶፍትዌር እነዚህን ጣጣዎች አንዴ ጨርሶ በአንድ ቪዲዮ ያስራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉን የሚያበላሸው ቴሌቪዥን የለም።

ሁለተኛው መለኪያ የሚያየው ሰው ነው። የአካባቢያችን የቤተሰብ ፎቶ አንድ ጠባይ አለው፦ ሰው ይበዛበታል። ሽማግሌዎች ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ሕፃናት ከእግራቸው ሥር ይደረደራሉ፣ ጎረምሶች ከኋላ ይቆማሉ። ስልክ አጋድመው ሲያነሡት ፎቶው አብዛኛውን ጊዜ 4 በ3 ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን 16 በ9 ነው። ሶፍትዌሩ ስክሪኑን ልሙላ ብሎ ፎቶውን ወደ 1920 ፒክስል ወርድ ከለጠጠው ቁመቱ 1440 ይሆናል፤ ቴሌቪዥኑ የሚይዘው 1080 ነው። የተረፈው 360 ፒክስል፣ የፎቶው ሩብ ማለት ነው፣ ከላይና ከታች ተካፍሎ ይቆረጣል። ከላይ የሚሄደው የቆሙት ጎረምሶች ግንባር፣ ከታች የሚሄዱት መሬት የተቀመጡት ሕፃናት ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን ለተነሣው ፎቶ ይህ ጉዳት ላይኖረው ይችላል፤ ዘመድ ለተሰበሰበበት ፎቶ ግን ልጇን በቴሌቪዥን ያጣች እናት ቅሬታዋ ቀላል አይሆንም። ስለዚህ የሚመረጠው ሶፍትዌር ፎቶውን ሳይቆርጥ በሙሉ የሚያስቀምጥ፣ በግራና በቀኝ የሚተርፈውን ባዶ ቦታም በጥቁር ወይም በደበዘዘ መደብ የሚሞላ መሆን አለበት። ቁሞ የተነሣ ፎቶ ከስክሪኑ ወርድ 810 ፒክስል፣ ከመቶ 42 ያህሉን ብቻ ይይዛል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ግን 1620 አድርጎ ስክሪኑን በደንብ ያለብሰዋል። ይህ ትንሽ የሚመስል ችሎታ ከመቶ የሽግግር ጌጥ ይበልጣል።

ጊዜም ከተመልካቹ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ሳይነገራቸው ለአንድ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ይመድባሉ። ፎቶው ላይ 12 ሰው ካለ፣ አያትየዋም የእያንዳንዱን ስምና የማን ልጅ መሆኑን ሊጠይቁ ከሆነ 3 ሴኮንድ ምንም አይደለም። ለነጠላ ፎቶ 5፣ ለብዙ ሰው ፎቶ 8 ሴኮንድ፣ በአማካይ 6 ቢይዙ 120 ፎቶ በ12 ደቂቃ ያልቃል፤ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሸጋገር ማለት ነው። 300 ፎቶ ግን 30 ደቂቃ ነው፤ ከመሃሉ ወሬ ይጀመራል። እንግዲህ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ፎቶ የተለየ ጊዜ መስጠት ማስቻል አለበት። በአሜሪካዊው የዘጋቢ ፊልም ሠሪ በኬን በርንስ ስም የሚጠራው፣ ፎቶውን በዝግታ የሚያስጠጋና የሚያርቅ ስልትም እንዲሁ ነው። ወጣቶች «ፎቶው ካልተንቀሳቀሰ ይደብራል» ይላሉ፤ ለሙሽሪት ብቻዋን ለተነሣችው ፎቶ እውነት አላቸው። ለዘመድ ፎቶ ግን ካሜራው መሃሉን ሲያስጠጋ ዳር የቆሙት ይወጣሉ። ስልቱን ለአንዱ ፎቶ አብርቶ ለሌላው ማጥፋት የሚያስችል ሶፍትዌር ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል፤ ሁሉንም በግድ የሚያስጨፍረውን ይለፉት።

ሌላው ጉዳይ ጽሑፍ ነው፤ ከውጭ የመጣ የሶፍትዌር ማስታወቂያ የማያነሣውም ይህንኑ ነው። የሀዲያና የከምባታ ቋንቋዎች በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ በየትኛውም ሶፍትዌር ላይ ያለ ችግር ይወጣሉ። አማርኛው ሲመጣ ነው ልዩነቱ የሚታየው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ይዞ ይመጣል። ዩኒኮድን በወጉ የማያውቅ ሶፍትዌር ግን በፊደል ፋንታ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ፎንቱ ጎደሎ ሲሆን ደግሞ ዋናዎቹ ፊደላት ወጥተው እንደ ኳ፣ ቧ፣ ጯ ያሉት ብቻ ይጠፋሉ። ፈተናው ቀላል ነው፦ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ይጻፉ። በበዓል ስላይድ ላይ ከሁሉ የሚበዛው ቃል ኳን ይዟል፤ እሷ ቦታ ላይ ሳጥን ካዩ ወይ ፎንቱን ወይ ሶፍትዌሩን ይቀይሩ። ጽሑፉን ከስክሪኑ ጠርዝ ራቅ አድርገው ማስቀመጥም ይገባል፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን በተለይም አሮጌው የምስሉን ዳር ይበላል፣ ከታች የተጻፈው ስምም ወገቡ ተቆርጦ ይቀራል።

የትኛውም ሶፍትዌር የሌለውን ጥራት አይፈጥርም፤ ስለዚህ ከምርጫው በፊት የፎቶውን አመጣጥ ማየት ይበጃል። በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች ብዙ ናቸው፤ በጆሃንስበርግ ጄፔ እየተባለ የሚጠራው የኢትዮጵያውያን የንግድ ሰፈር የዚህ ፍልሰት አንዱ ምልክት ነው። ከዚያ የሚመጣው ፎቶ የሚመጣው በቴሌግራምና በዋትስአፕ ነው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ረጅሙን ጎን ብዙውን ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ያሳንሰዋል። በስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ ሙሉ ኤችዲ ቴሌቪዥን ላይ መጠነኛ መደብዘዝ ይኖረዋል፤ ተጠግቶ እንዲታይ ሲደረግ ግን ፊቱ ይሟሟል። ላኪው «እንደ ፋይል» ብሎ ቢልከው ፎቶው እንዳለ ይደርሳል። ይህን አንድ ነገር ለወንድም መንገር ውድ ሶፍትዌር ከመግዛት ይልቅ ለምስሉ ይጠቅመዋል። የተጠናቀቀው ቪዲዮም በዚያው መንገድ ይመለሳል፦ ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት ፋይል ስለሚቀበል የ12 ደቂቃው ስላይድ ሳይቆራረጥ ጄፔ ይደርሳል፤ እዚያም ፍላሽ ላይ ተገልብጦ ያለ ችግር ይከፈታል።

አሁን ወደ ሦስተኛው መለኪያ፣ ሥራው ወደሚሠራበት ስልክ ወይም ኮምፒውተርና ወደ ሶፍትዌሮቹ እንምጣ። «ስልኬ ላይ ካፕከት ወይም ኢንሾት አለ፤ ኮምፒውተር ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው ከፊል ትክክል ነው። 30 ፎቶ ለሚሆን የልደት ስላይድ ስልክ ይበቃል። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቅ። እነዚህ አፖች የታሰቡት በዋናነት ለስልክ ስክሪን ነው፤ ሥራው ሲጀመር 16 በ9 ካልተመረጠ ቪዲዮው እንደ ቲክቶክ ቆሞ ይወጣና ቴሌቪዥኑን ሲሶውን ብቻ ይይዛል። በነጻ ሲሠራባቸው ደግሞ የራሳቸውን ምልክት ጥግ ላይ ወይም መጨረሻ ላይ ሊለጥፉ፣ አንዳንዱን ጌጥም ለከፋይ ብቻ ሊያደርጉ ይችላሉ። 120 ፎቶ በጣት እየጎተቱ ማስተካከልም ትዕግሥት ይፈትናል። መብራት የመጥፋቱን ነገር ካነሣን ግን ስልክ አንድ ብልጫ አለው፦ ባትሪ አለው። በዴስክቶፕ የሚሠራ ሰው ቪዲዮው እየወጣ ሳለ መብራት ከሄደበት እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ከኃይለኛ ዴስክቶፕ ይመረጣል፣ በየደቂቃው ራሱን የሚያስቀምጥ ሶፍትዌርም ከማያስቀምጠው።

ፕሮሾው ሌላው ስሙ የሚጠራ ነው። ለዓመታት በብዙ አገር ፎቶ ቤቶች ሲሠሩበት የኖረ፣ ለፎቶ ስላይድ ተብሎ የተሠራ ጥሩ ፕሮግራም ነበር። ሠሪው ፎቶዴክስ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ተዘግቷል። «የእኔ እስካሁን ይሠራል» የሚል ባለሙያ አይዋሽም፤ ኮምፒውተሩ እስኪቀየር ድረስ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ድርጅት የለም። ማይክሮሶፍትም ቢሆን ሙቪ ሜከርን በ2017 ከድረ ገጹ አንሥቶታል። ከሁለቱ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው፦ ሶፍትዌር ያልፋል፣ የፕሮጀክት ፋይሉም አብሮት ያልፋል። ፕሮጀክት ፋይል ብዙውን ጊዜ ፎቶዎቹን አይይዝም፤ የት ማህደር ውስጥ እንዳሉ ብቻ ይመዘግባል፣ ማህደሩ ሲነቀነቅ ባዶ ይቀራል። ፎቶ ቤት የሚያሠራ ሰው ስለዚህ ሁለት ነገር ይቀበል፦ ያለቀውን ኤምፒ4ና ዋናዎቹን ፎቶዎች። ዲቪዲ ብቻ ከተሰጠው 720 በ576 ፒክስል የሆነ ምስል ነው የያዘው፤ ለዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ያንሳል።

ታዲያ ፕሪሚየር ወይም ዳቪንቺ ሪዞልቭ አይሻልም ወይ? ለሠርግ ፊልም ሠሪ አዎ፤ ለቤተሰብ ስላይድ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የዳቪንቺ ነጻ እትም ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ለመልመድም ሳምንታት ይወስዳል። ፕሪሚየር ወርኃዊ ክፍያው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን ደግሞ ዶላሩ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ብዙዎች የሚሸሹት ወደ ተሰበረ ቅጂ ነው። ይህ በሁለት መንገድ ያስከፍላል፦ አንደኛ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ሁለተኛ የተሰበረ ቅጂ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የሚገባውም የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ ወደተቀመጠበት ኮምፒውተር ነው። ነጻ የሆነ ሕጋዊ አማራጭ እያለ ይህን መድፈር ምክንያት የለውም።

አማራጩ ምንድን ነው? ለብዙ ሰው መልሱ አጠገቡ ነው። ፓወርፖይንት በየመሥሪያ ቤቱና በየተማሪው ላፕቶፕ አለ፤ በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉን የሚያቀርብበት ነው። ብዙ ፎቶ ባንድ ጊዜ የሚያስገባ የፎቶ አልበም ትእዛዝ አለው፤ በአንድ ስላይድ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የግዕዝ ፊደል አይቸግረውም፣ ለእያንዳንዱ ስላይድ የተለየ ሴኮንድ ይቀበላል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከ2013 እትም ጀምሮ ኤምፒ4 ያወጣል፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ሙሉ ኤችዲ ያወጣሉ። «ለስብሰባ የተሠራ ነው፣ አያምርም» የሚሉ አሉ፤ ቤተሰብ የሚያየው ግን ፎቶውን ነው። ፎቶን ከቪዲዮ ቁራጭ ጋር መቀላቀል ወይም ዜማን በልክ መቁረጥ ሲፈለግ ፓወርፖይንት ይደክማል፤ ያን ጊዜ ሾትከት ወይም ኦፕንሾት ይጫኑ። ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ምልክት አይለጥፉም፣ አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይጠይቁም፤ ሾትከት ሳይነገረው እንኳ የሚያወጣው በኤች.264 የተጨመቀ ኤምፒ4 ነው።

ከመወሰንዎ በፊት ይህን ያድርጉ። አምስት ፎቶ ይምረጡ፦ አንድ ብዙ ሰው ያለበት፣ ሁለት ቁመው የተነሡ፣ አንድ በቴሌግራም የመጣ፣ አንድ ነጠላ። «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ይጻፉበት፣ ዜማ ያስገቡ፣ ያውጡት፣ ፍላሽ ላይ ገልብጠው ስላይዱ በሚታይበት በዚያው ቴሌቪዥን ላይ ይሰኩ። ከዚያ በቤቱ ዕድሜ የገፉትን ሰው ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ አስቀምጠው ያሳዩአቸው። ሁሉንም ሰው በስሙ ከጠሩ ሶፍትዌርዎን አግኝተዋል። «ያ ዳር የቆመው ማነው?» ብለው ሳይጨርሱ ፎቶው ካለፈባቸው ግን ሴኮንድ ይጨምሩ፤ የተቆረጠ ፊት ወይም ሳጥን የሆነ ፊደል ካዩ ደግሞ ሶፍትዌሩን ይቀይሩ። ይህን ፈተና ከበዓሉ ዋዜማ በፊት ያድርጉት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።